ዘፈኑ ስሙን የት ይዞ ይዞራል?

ወጥ ቤት ገብተው መደርደሪያውን ይመልከቱ። በርበሬው በአንድ ብልቃጥ፣ ሚጥሚጣው በሌላ ብልቃጥ ተቀምጧል። ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም የላመ ዱቄት ናቸው። እንግዳ ሰው «በርበሬውን አቀብለኝ» ቢሉት ያመነታል። የቤቱ እመቤት ግን አታመነታም፤ ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፋ በእስክሪብቶ ጽፋበታለች።

ታዲያ ልጆች ሲጫወቱ ሁለቱን ክዳኖች ቢያለዋውጧቸውስ? የዚያን ቀን ወጡን የቀመሰ ሁሉ ውኃ ሲለምን ይውላል። ጽሑፉ በብልቃጡ ገላ ላይ ቢሆን ኖሮ ግን ክዳኑ የትም ቢሄድ ችግር አይመጣም ነበር።

ኪስዎ ውስጥ ያለው ስልክም እንደዚሁ መደርደሪያ ነው። ሚሞሪው ላይ የተጫነው ዘፈንና መዝሙር እያንዳንዱ ሁለት ጽሑፍ ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ ክዳኑ ላይ፣ ሌላው ገላው ውስጥ። የክዳኑን ሁላችንም እናየዋለን። የውስጡ ግን ሳናስተውለው አብሮን ይኖራል። የዛሬው ጨዋታችን በእሱ ላይ ነው።

እዚህ ወላይታ፣ ዲምቱ፣ ባጃጅ ውስጥ ስገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ማጫወቻው ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት ነው። ዘፈኑ ደምቆ ይሰማል፣ የወላይታ ምት ትከሻ ያስነሣል፣ መስኮቷ ግን «ትራክ 07» ትላለች። «ወንድሜ፣ ይሄ የማን ነው?» ስለው ሾፌሩ «እኔ እንጃ፣ ፍላሹ ላይ ተጭኖ የመጣ ነው» ይለኛል። ዘፈኑን በቃሉ ያውቀዋል። የዘፋኙን ስም የሚነግረው ግን አላገኘም።

ያ ስም የት ጠፋ? እንዴትስ ይመለሳል? በእጃችን እየሞከርን እንየው።

ሙከራ አንድ፦ ክዳኑን ይቀይሩ

ስልክዎን ያውጡ። ፋይሎች የሚታዩበት ቦታ ገብተው አንድ ዘፈን ይምረጡ። ጣትዎን ጫን አድርገው ያቆዩና ስሙን ይቀይሩት፤ «ሽሮ» ይበሉት። ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ ያሉትን ፊደላት ግን አይንኩ፤ ስልኩ ፋይሉ ሙዚቃ መሆኑን የሚያውቀው በእነሱ ነው።

አሁን የሙዚቃ ማጫወቻውን ከፍተው ያንኑ ዘፈን ይፈልጉት።

ከሁለት አንዱ ይሆናል። የድሮው ርዕስና የዘፋኙ ስም ከወጣ ዘፈኑ ገላው ውስጥ ጽሑፍ አለው፤ ክዳኑ ቢቀየርም ስሙን አልረሳም። «ሽሮ» የሚል ከወጣ ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው፤ ማጫወቻው ሌላ የሚያነበው ቢያጣ ክዳኑን አነበበ።

ይህን የውስጥ ጽሑፍ ባለሙያዎች ታግ ይሉታል። እኛ መለያ እንበለው።

መለያው ከዘፈኑ ጋር በአንድ ፋይል ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ዘፈኑን ለወዳጅዎ በቴሌግራም ቢልኩት መለያውም አብሮ ይሄዳል፤ ቴሌግራም ርዕሱንና የዘፋኙን ስም አንብቦ የሚያሳየው ከዚሁ ነው። ሶዶ ላይ የተሞላ ስም ሀዋሳ ላይ ይነበባል፣ ዋሽንግተንም ላይ ይነበባል።

«ትራክ 07» ከየት መጣ?

በካሴት ዘመን የዘፈኖቹ ስም በማቀፊያው ወረቀት ላይ ይታተም ነበር። ወረቀቱ የጠፋበት ካሴት ደግሞ ክዳኑ የጠፋ ብልቃጥ ማለት ነው፤ አጫውተው ካልሰሙት በቀር የማን እንደሆነ አይታወቅም።

እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው የሙዚቃ ሲዲም ይህን ችግር አልፈታውም። መጀመሪያ ሲነደፍ የዘፈን ስም የሚጻፍበት ቦታ አልተበጀለትም፤ ሲዲው የሚያውቀው ስንት ዘፈን እንደያዘና እያንዳንዱ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተር ሲዲውን ወደ ፋይል ሲገለብጥ የሚያገኘው ቁጥር ነው። ቁጥሩን ይዞ «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02» እያለ ይሄዳል።

የባጃጁ «ትራክ 07» የመጣው በአብዛኛው ከዚህ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን ሲዲ ገለበጠ፤ ስሙን ሳይሞላ ለሌላ ሰጠ፤ ያም ለሌላ ሰጠ። ከእጅ እጅ ሲተላለፍ ዘፈኑ ምንም አልጎደለበትም፤ ስም ግን ከመጀመሪያውም አልነበረውም።

በ128 ባይት ውስጥ ያለ ብልሃት

ኤምፒ3 የሚባለው የዘፈን ፋይል ሲፈጠርም ስለ ስም ያሰበ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1996 ኤሪክ ኬምፕ የተባለ ሰው መላ አመጣ፤ ከዘፈኑ መጨረሻ ላይ 128 ባይት የምታህል ቁራጭ እንጨምር አለ። ባይት ማለት ለአንድ የላቲን ፊደል የምትበቃ መቀመጫ ናት ብለው ያስቡ።

አከፋፈሉ እንዲህ ነው፦ 3 ባይት «እዚህ መለያ አለ» ለሚለው ምልክት፣ 30 ለርዕሱ፣ 30 ለዘፋኙ፣ 30 ለአልበሙ፣ 4 ለዓመቱ፣ 30 ለማስታወሻ፣ 1 ለዘፈኑ ዓይነት። ይደምሩት፤ 128 ይሞላል።

አራት ደቂቃ የሚወስድ ዘፈን በተለመደው መካከለኛ ጥራት 3.8 ሚሊዮን ባይት ገደማ ይይዛል። መለያው ከ30,000 እጅ አንዱ ነው ማለት ነው። ከአንድ ጆንያ እህል ጥቂት ፍሬ ቆንጥሮ እንደ ማንሣት ነው።

ለምን መጨረሻ ላይ ሆነ? የዚያን ጊዜ ማጫወቻዎች ስለ መለያ የሰሙት ነገር አልነበረም። ጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ቢደነቀር ሙዚቃ መስሏቸው ይደናገሩ ነበር። መጨረሻ ላይ ሲሆን ግን ዘፈኑ አልቋል፤ ቢበዛ ጭርር የምትል ቅጽበታዊ ድምፅ ሰምቶ ማለፍ ነው። አዲሱን ነገር ሲያመጣ አሮጌውን ማጫወቻ ከጥቅም ውጭ አላደረገውም።

ሙከራ ሁለት፦ ጉያውን ገልጠው ይዩ

ኮምፒውተር ካለዎ ወይም ኢንተርኔት ቤት ጎራ የሚሉ ከሆነ ይህን ይሞክሩ። በሙከራ አንድ መለያ እንዳለው ያዩትን የኤምፒ3 ዘፈን ኮፒ ያድርጉና ኮፒውን በኖትፓድ ይክፈቱት። ትንሽ ይዘገያል፤ ይታገሡት።

ገጹ ትርጉም በሌለው ምልክት ይሞላል። እሱ ሙዚቃው ነው። ነገር ግን የመጀመሪያውን መስመር መጀመሪያ ይመልከቱ፤ «አይ» እና «ዲ» የሚሉት የላቲን ፊደላት ከ3 ቁጥር ጋር ተቀምጠው ያገኟቸዋል። ጥቂት ወረድ ሲሉ የዘፋኙ ስም በላቲን ከተጻፈ ፊደላቱ ተራርቀው፣ በመካከላቸው ክፍተት ይዘው ሊታዩ ይችላሉ። እያንዳንዱ ፊደል ሁለት መቀመጫ ተሰጥቶት አንዱ ባዶ ሲሆን እንዲህ ይታያል። ለምን ሁለት እንደተሰጠው ወደ ፊደላችን ስንደርስ ግልጽ ይሆናል።

ሳያስቀምጡ ይዝጉት። ኖትፓድ ላይ «ሴቭ» ማለት ዘፈኑን ያበላሻል፤ ኮፒ ያድርጉ ያልኩትም ለዚህ ነው።

እንደ ተደራራቢ ምሳ ዕቃ

ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ያዩት አዲሱ መለያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ማርቲን ኒልሰንና ባልደረቦቹ ያወጡት ሲሆን አይዲ3 ሁለተኛ እትም ይባላል። በዚህ ጊዜ መለያው ከኋላ ወደ ፊት መጣ። ዘፈን በኢንተርኔት ቀስ እያለ ሲወርድ ስሙ ቀድሞ ይድረስ በሚል ነው።

አሠራሩ እንደ ተደራራቢ ምሳ ዕቃ ነው። አንዱ ሳህን ላይ እንጀራ፣ ሌላው ላይ ወጥ፣ ሦስተኛው ላይ አትክልት እንደሚሆነው፣ እዚህም ርዕሱ በአንዱ፣ ዘፋኙ በሌላው፣ የአልበሙ ሥዕል በሦስተኛው ይቀመጣል። የዜማውና የግጥሙ ደራሲ፣ የግጥሙ ቃል ሙሉ በሙሉ፣ ሁሉም የየራሱ ሳህን አለው።

እያንዳንዱ ሳህን አፉ ላይ አራት ፊደል ያለው ምልክትና የመጠኑ ቁጥር አለው። ማጫወቻው ምልክቱን ካወቀው ያነበዋል። ካላወቀው መጠኑን ቆጥሮ ይዘለውና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ስለዚህ የዛሬ 20 ዓመት የተሠራ ማጫወቻ ዛሬ የተጨመረ ሳህን ቢያጋጥመው አይደናገርም።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደስተኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የልጅ ዩኒፎርም ሲሰፋ ልብስ ሰፊው ከሱሪው ጫፍ ጨርቅ አጥፎ ይተዋል፤ ልጁ ሲረዝም ይለቀቅለታል። መለያውን የሚጽፉ ፕሮግራሞችም ከጽሑፉ ቀጥሎ ባዶ ቦታ አጥፈው ይተዋሉ። ነገ እርስዎ «ኮይሻ» የሚለውን የዘፋኝ ስም «ኮይሻ ሴታ» ብለው ቢያስረዝሙት ጽሑፉ በታጠፈው ቦታ ይሰፋል፤ አራት ሚሊዮን ባይት ያህል ሙዚቃ ወደ ኋላ መግፋት አያስፈልግም። ስም ሲያርሙ በቅጽበት የሚያልቀው ለዚህ ነው።

ስለ ሥዕሉ አንድ ምክር ልጨምር። 300 ኪሎባይት የሚሆን የአልበም ሥዕል በ12 ዘፈን ላይ ቢለጥፉ 3.6 ሜጋባይት ይሆናል፤ አንድ ዘፈን ሊያስጭን የሚችል ቦታ ሄደ ማለት ነው። ሚሞሪዎ ጠባብ ከሆነ ሥዕሉን አነስ ያድርጉት።

ፊደላችን ለምን ሣጥን ሣጥን ይሆናል?

የመጀመሪያው መለያ የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው፤ አንድ ፊደል፣ አንድ መቀመጫ። እኛ ግን በመቶ የሚቆጠር ፊደል አለን። በአንድ ባይት ሊቆጠር የሚችለው ደግሞ 256 ዓይነት ምልክት ብቻ ነው፤ እሱንም የላቲኑ ቤተሰብ ቀድሞ ይዞታል።

መፍትሔው የመጣው የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ ተራ የሚቆጥረው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝን ፊደል ሲቀበል ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደላችን የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሩን ለማስቀመጥ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ ሦስት ባይት፣ ዩቲኤፍ-16 በሚባለው ሁለት ባይት ይፈጃል።

በጣት እንቁጠረው። «ጥላሁን ገሠሠ» ሰባት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ነው። በዩቲኤፍ-8 ሰባት ሲባዛ በሦስት 21፣ ከክፍት ቦታው ጋር 22 ባይት። በአሮጌው 30 ባይት ቦታ ውስጥ ቢገባ ለጥቂት ይበቃል። ከአሥር ፊደል የሚያልፍ ርዕስ ግን አንገቱ ላይ ይቆረጣል።

አሁን ስልክዎ ላይ የሚያዩት ነገር ይገለጥልዎታል። ፊደሉ የላቲን ዝብርቅርቅ፣ ከነጭረቱና ከነነጥቡ ሆኖ ከታየ፣ ማጫወቻው ሦስቱ ባይት የአንድ ፊደል መቀመጫ መሆኑን ሳያውቅ እንደ ሦስት የላቲን ፊደል እየነጣጠለ አንብቦታል ማለት ነው። ባዶ ሣጥን ሣጥን ከታየ ደግሞ ቁጥሩን በትክክል አንብቧል፤ የፊደላችን ቅርጽ ግን ማጫወቻው ውስጥ አልተጫነም።

የሁለቱ መድኃኒት ለየብቻ ነው። ዝብርቅርቁን መለያ እንደገና በዩኒኮድ መጻፍ ያስፈልጋል። ሣጥን ለሚያሳየው የመኪና ማጫወቻ ግን መለያው ጥፋት የለበትም። እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ ክዳኑን በላቲን፣ ገላውን በፊደላችን። የፋይሉን ስም በላቲን እጽፈዋለሁ፤ የውስጡን መለያ በአማርኛ እሞላዋለሁ።

አንድ ዘፋኝ፣ አራት ሰው

ሙከራ ሦስት። ማጫወቻዎ ውስጥ «አርቲስት» ወይም «ድምፃውያን» የሚለውን ዝርዝር ይክፈቱና አንድ የሚወዱትን ዘፋኝ ስንት ቦታ እንደሚያገኙት ይቁጠሩ።

ጥላሁን በንጉሡ ሠ «ገሠሠ» ተብሎ አንድ ቦታ፣ በእሳቱ ሰ «ገሰሰ» ተብሎ ሌላ ቦታ ሊቀመጥ ይችላል። ለእኔና ለእርስዎ አንድ ሰው ነው። ለማሽኑ ግን ሠ እና ሰ የተለያየ ቁጥር ያላቸው ሁለት ፊደላት ናቸው። የዩኒኮዱ ተራ የእኛኑ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ ተከትሎ የተሠራ ስለሆነ በሁለቱ መካከል የረ ቤተሰብ በሙሉ ተቀምጧል። ማሕሙድ እና ማህሙድም እንዲሁ ይለያያሉ።

በላቲን ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል። በፈረንሳይ የሚታተመው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስብ፣ ኢትዮፒክስ፣ የዘፋኞቻችንን ስም በፈረንሳይኛ አጻጻፍ፣ ከነጭረቱ ይጽፋል። አዲስ አበባ የታተመው ሲዲ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይጽፋል። ሁለቱን አንድ ስልክ ላይ ሲጭኑ ጥላሁን አራት ሰው ሆነ ማለት ነው፤ ዘፈኖቹም በአራት ቦታ ተበተኑ።

መድኃኒቱ መወሰን ነው። አንድ አጻጻፍ ይምረጡ፤ በወረቀት ላይ ይጻፉት፤ ሁልጊዜ እሱኑ ይጠቀሙ። የምድጃ ዳር ማስታወሻ ደብተር ይበቃል።

አንዳንድ ፕሮግራም የአባት ስም ወደ ፊት የሚመጣበት የመደርደሪያ ስም የሚባል ቦታም አለው። እሱ የቤተሰብ ስም ላላቸው አገሮች የተሠራ ነው። አስቴር አወቀን በ«አስቴር» እንጂ በአባቷ ስም የሚፈልጋት የለም፤ እዚያም ስሟን በተለመደው ቅደም ተከተል ይጻፉት።

ዓመቱ፣ ዓይነቱና ቅኝቱ

የዓመት ቦታው አራት አኃዝ ይቀበላል፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግን አይጠይቅም። የቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው» አልበም የወጣው በእኛ 2004 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን 2012። ግማሹን ዘፈን በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው ከሞሉት ማጫወቻው አንዱን አልበም በስምንት ዓመት ያራርቀዋል። መለያው ሲነደፍ የታሰበው የአውሮፓውያኑ ስለሆነ ዓመቱን በእሱ ይሙሉ፤ የእኛን በማስታወሻው ቦታ ይጻፉት።

የዘፈኑ ዓይነት ነገር ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። በአሮጌው መለያ ውስጥ ለዓይነት የተሰጠችው አንድ ባይት ናት። ስለዚህ ስም ሳይሆን ቁጥር ነበር የሚጻፈው፤ 80 ዓይነት ሙዚቃ ተዘርዝሮ 0 ለብሉዝ፣ 8 ለጃዝ፣ 38 ለጎስፔል ተሰጠ። የሙላቱ አስታጥቄ ሥራ 8 ላይ ቦታ ያገኛል፤ መዝሙሮቻችንም 38 ላይ። ትዝታ፣ ሽለላ፣ የወላይታ አዲስ ዓመት የሆነው የጊፋታ ጨዋታ ግን ቁጥር የላቸውም። ሁሉም 48 ቁጥር፣ «ኤትኒክ» የሚል አንድ ጆንያ ውስጥ ይጣላሉ።

አዲሱ መለያ ይህን በር ከፈተው። ዓይነቱን በራስዎ ቃል መጻፍ ይችላሉ። ከዚያም በላይ ለማንም ያልተያዘ፣ ስሙን ራስዎ የሚያወጡለት ባዶ ሳህን ተዘጋጅቷል። «ቅኝት» ብለው ይሰይሙትና ውስጡ «ባቲ» ወይም «አምባሰል» ብለው ይሙሉ። አንድ ቀን ማታ «ባቲ ባቲውን ብቻ አሰማኝ» ማለት የሚቻለው እንዲህ ሲሞላ ነው።

የቋንቋ ሳህንም አለ፤ በሦስት የላቲን ፊደል ይሞላል። አማርኛ «ኤ፣ ኤም፣ ኤች» ነው። ወላይትኛም በዓለም አቀፉ ዝርዝር ውስጥ የራሱ ምልክት አለው፤ «ደብሊው፣ ኤ፣ ኤል» ይባላል። የኮይሻ ሴታን ዘፈን ከፍተው እነዚህን ሦስት ፊደላት ሲሞሉ ዘፈኑ በምን ቋንቋ እንደተዘፈነ ለማያውቅ ሰው ሁሉ ነገሩት ማለት ነው።

መሣሪያዎቹ

ይህን ሁሉ በኖትፓድ መጻፍ አይቻልም፤ መለያ ማረሚያ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ሦስቱን ላስተዋውቅዎ።

ኤምፒ3ታግ ለዊንዶውስ በነፃ የሚገኝ ነው። ዘፈኖቹን እንደ ሠንጠረዥ ይዘረዝራቸዋል፤ 12 ዘፈን በአንዴ መርጠው የአልበሙን ስም አንድ ጊዜ ቢጽፉ በ12ቱም ላይ ይሰፍራል። ክዳኑን ከገላው ላይ አንብቦ ይጽፋል፤ «ቁጥር፣ ዘፋኝ፣ ርዕስ» በዚህ ቅደም ተከተል ብለው ካዘዙት 200 ፋይል በአንድ ትንፋሽ ስሙን ያስተካክላል። ገላው ባዶ ሆኖ ክዳኑ ላይ ስም ካለ ደግሞ ተገላቢጦሹን ይሠራል።

ኪድ3 አሮጌውንና አዲሱን መለያ ለየብቻ ያሳያል፤ በአንድሮይድ ስልክ ላይም ይሠራል። ኮምፒውተር ለሌለው ሰው ጥሩ ነው።

ሦስተኛው ፒካርድ ነው። እሱ ጆሮ አለው። ስም የሌለውን ዘፈን ሲሰጡት የመጀመሪያውን ሁለት ደቂቃ ያህል ያደምጣል። በኪቦርድ ላይ ከአንዱ «ዶ» ጀምሮ ከቀጣዩ «ዶ» በፊት ያሉትን 12 ቁልፎች ያስቡ፤ በየቅጽበቱ የትኛው ጎልቶ እንደተሰማ ይመዘግባል። ከዚያ የሚወጣው የቁጥር ሰንሰለት የዘፈኑ አሻራ ነው።

ጎረቤትዎን በጨለማ በእርምጃው ድምፅ እንደሚለዩት ማለት ነው። ፊቱን አላዩም፤ አረማመዱን ግን ያውቃሉ። ፋይሉ ከሲዲም ይገልበጥ፣ ከኢንተርኔትም ይውረድ፣ ጥራቱ ጥቂት ቢለያይም አረማመዱ ያው ነው።

ፒካርድ አሻራውን በኢንተርኔት ወደ አሻራ መዝገብ ልኮ ያስተያያል፤ ከተገኘ ስሙን ሚውዚክብሬንዝ ከሚባል ሌላ መዝገብ ያመጣል። ይህ መዝገብ በዓለም ዙሪያ በጎ ፈቃደኞች የሚሞሉት ነው፤ ማንም ሰው ተመዝግቦ ያክልበታል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። መዝገቡ የሚያውቀው ሰው ያስገባውን ብቻ ነው። በውጭ አገር የታተመ የማሕሙድ አሕመድ አልበም ቢሰጡት ብዙውን ጊዜ ያገኘዋል። ዲምቱ ገበያ ላይ በፍላሽ የሚዞረውን የወላይትኛ ዘፈን ግን ያስገባለት ሰው ከሌለ ከየት ያውቀዋል? ጆሮው ሰምቷል፤ የሚነግረው ሰው ነው የጠፋው። ያ ሰው እርስዎ መሆን ይችላሉ። ዘፋኙን ያውቁታል፣ ቋንቋውን ይሰማሉ፣ አልበሙ የወጣበትን ክረምት ያስታውሳሉ። አንድ ጊዜ ከነአሻራው ካስገቡት ከእርስዎ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ተሞልቶ ያገኘዋል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት

ሁሉንም ባንዴ ልጨርስ አይበሉ። አንድ ፎልደር፣ አንድ አልበም ይበቃል።

መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ሌላ ፍላሽ ኮፒ ያድርጉ። ስህተት ቢፈጠር የሚመለሱበት ይኑርዎ።

ቀጥሎ የዘፋኙን ስም በመረጡት አጻጻፍ ይሙሉ። ከዚያ ርዕሱን፣ ከዚያ የአልበሙን ስም። የፋይሉ ስም ላይ የዘፈኑን ተራ ቁጥር በሁለት አኃዝ ይጻፉ፤ 1 ሳይሆን 01። ብዙ የመኪና ማጫወቻ በስም ሲደረድር 10ን ከ2 ያስቀድማል፤ ዜሮዋ ከፊት ከቆመች ግን ተራው ይጠበቃል።

ስብስብ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለጊፋታ በዓል 12 ድምፃውያን በአንድ ላይ ያወጡት ከሆነ፣ ማጫወቻው አንዱን አልበም ለ12 ሊከፋፍለው ይችላል። «የአልበሙ አርቲስት» የሚል ሌላ ቦታ አለ፤ በሁሉም ላይ «የተለያዩ ድምፃውያን» ብለው ይሙሉት። የተበተኑት ተሰብስበው ይመለሳሉ፤ የእያንዳንዱ ዘፋኝ ስምም በየዘፈኑ ላይ ይቀመጣል።

የመጨረሻው ሙከራ

አንድ ነገር ቀረን፤ እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ይህንን ነው።

መስከረም ላይ ጊፋታ ሲደርስ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ጨዋታው ሲደምቅ፣ ስልክዎን አውጥተው እናትዎ ወይም አያትዎ የሚያዜሙትን ይቅረጹ። ስልኩ «ሪከርዲንግ 003» የሚል ስም ይሰጠዋል። በዚያ ስም ከተውት ከሁለት ዓመት በኋላ ከ002 እና ከ004 አይለዩትም፤ ሚሞሪ ሲሞላ መጀመሪያ የሚጠፋውም እሱ ነው።

የዚህ ዜማ አሻራ በየትኛውም መዝገብ የለም። ፒካርድ አያውቀውም፤ ሶዶ ያለው ዘፈን ጫኚም አያውቀውም። በዓለም ላይ ይህን መለያ ሊሞላ የሚችለው እዚያ ቤት የነበረ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ በዚያው ምሽት ይቀመጡ። ዘፋኝ በሚለው ቦታ የእናትዎን ሙሉ ስም ከነአባታቸው ይጻፉ። ርዕሱን እሳቸውን ይጠይቋቸው። ቋንቋው ላይ ሦስቱን ፊደላት ይሙሉ። ማስታወሻው ላይ «ዲምቱ፣ የጊፋታ ዕለት» ብለው ዓመቱን ይጨምሩ፤ አጨብጭበው የተቀበሏቸውን ሰዎች ስምም ያስገቡ።

ጨርሰው ሲያበቁ አንድ ጊዜ ያጫውቱላቸው። ድምፃቸው ሲወጣ ስልኩን ወደ እሳቸው አዙረው ስማቸው በፊደል ተጽፎ መስኮቱ ላይ የወጣበትን ያሳዩአቸው።